የወጣው ዕጣ

ነርሷ ወረቀት ላይ ካሬ ትሠራና ለአራት ትከፍለዋለች፤ በየሳጥኑም ትልቅና ትንሽ የፈረንጅ ፊደል እያጣመረች ትጽፋለች። ምራቴ ሰባት ወር የሞላውን ሆዷን ደግፋ ታያለች። እኔ በግድግዳውና በእሷ ወንበር መካከል ተሸጉጫለሁ፤ እሷ ካልተነሳች መውጫ የለኝም።

ከጎናችን ባለው ክፍል የልጅ ልጄ ደም እየተሰጣት ነው። አምስት ዓመቷ ነው፤ በየወሩ እንዲሁ ነው።

«ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ» ትላለች ነርሷ። «ትልቁ ፊደል ጤናው፣ ትንሹ ሕመሙ። አንቺም ባልሽም አንዳንድ ትንሽ ፊደል ይዛችኋል፤ እናንተን አያማችሁም። ሁለቱ ትንንሾች ሲገናኙ ነው ልጅ የሚታመመው።» አንዷን ሳጥን በእርሳስ ታጠቁራለች።

«እሱንማ እናውቃለን፣ እህቴ» ትላለች ምራቴ ፈገግ ብላ። «ከአራት አንድ አይደል? እሱ በትልቋ ወጥቶልናል። ይሄኛውና ገና የሚመጡት ሁለቱ ነጻ ናቸው።»

እርሳሱ ይቆማል። «ማነው እንዲህ ያለሽ?»

ሌላ ማን ይሆናል! ያኔ ምራቴ ይሄን ሳታረግዝ በፊት እንዲህ ያለውን ወረቀት ይዛ ስታለቅስ፣ እኔ የአራተኛ ክፍሏ ሊቅ ሳጥኖቹን በጣቴ እየቆጠርኩ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ክፉው ዕጣ ወጥቷል፤ የቀሩት ሦስቱ የደስታ ናቸው፤ ውለጂ» አልኳት። ዓመታት የፈራችውን በአንድ ከሰዓት አስረሳኋት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ምራቴ ወደ እኔ አትዞርም።

«እኔ ነኝ» እላለሁ።

ነርሷ ልትቆጣ ትልና ሽበቴን አይታ ድምጿን ታለዝባለች። «እማማ፣ ሳጥኖቹ ልጆች አይደሉም። የወጣው ዕጣ ተመልሶ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል። ለእያንዳንዱ ፅንስ እንደ አዲስ ነው የሚወጣው።»

«እና... ይሄም?» ትላለች ምራቴ።

«ይሄም ከአራት አንድ። ደህና የመሆን ዕድሉ ይበልጣል። ግን ተወልዶ እስኪመረመር መጠበቅ ነው።»

«አይዞሽ» ልላት አፌን እከፍትና፣ ያው የዚያን ቀኑ ቃል መሆኑ ትዝ ሲለኝ እዘጋዋለሁ።

«ልነሳ» ትላለች ምራቴ።

እጄን እዘረጋላታለሁ፤ ሆዷ ከከበዳት ወዲህ ከወንበር የምትነሳው እጄን ይዛ ነው። ዛሬ ሁለት መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ታሳርፋለች፤ ጥርሷን ነክሳ ቀስ እያለች ብቻዋን ትነሳለች፤ ወደ ልጇ ክፍል ትሄዳለች።

እጄ ባዶው ወንበር ላይ እንደተዘረጋ ነው።