ክብሪት እምቢ ያለው ስፖንጅ

ሶፋ አዳሹ ከዓመታት በፊት ሁለት ደንበኞች ሱቁ ደጃፍ ላይ ሲያወሩ ሰምቶ ነበር። «ሶፋው ቶሎ እንዳይቀጣጠል ስፖንጁ ውስጥ ኬሚካል ይጨምሩበታል፤ ሲያረጅ ታዲያ ከአቧራው ጋር ይወጣል» ሲል አንደኛው፣ የቀረውን የመኪና ጥሩምባ ዋጠው።

ነገሩ ትዝ ያለው የልጅ ልጁ የትራሷን ጥግ ስትጠባ ሲያይ ነው። ትራሱን እንደ ልማዱ ከአሮጌ ሶፋ በተረፈ ስፖንጅ የሞላው ራሱ ነበር። ትርፍራፊውን ስፖንጅ ከሚያጠራቅምበት ጆንያ ቁራጭ አንሥቶ ክብሪት ጫረበት። ጠቆረና ጨሰ፤ ነበልባሉ ግን ወዲያው ጠፋ። ደግሞ ጫረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን ልታነደው ነው?» አለች ሚስቱ።

«እምቢ አለኝ እኮ! ምን ቢያስገቡበት ነው እሳት የሚፈራው?»

«እሰይ! የማይቃጠል ትራስ አገኘን።»

«እሷ መች አቃጠለችው፤ እየበላችው እንጂ! ጉዳቱን በትክክል አላውቅም። ፈጣሪ አስታውሶኝ ግን ዝም አልልም።»

«ታዲያ በምን ልትሞላው ነው?»

ሚስቱ ከእናቷ ያገኘችውንና ማንንም የማታስነካውን የጥጥ ፍራሽ አየት አደረገ።

«እሱንማ እንዳታስበው!»

ሕፃኗ የትራሱን ጥግ መልሳ አፏ ውስጥ ከተተች። አያቷ ቀስ ብላ አስለቀቀቻት፣ ከንፈሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላትና ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። በመዳፏ ዳበሰችው።

«መቀስህን አምጣ» አለች በመጨረሻ። «ከጥጉ ብቻ ነው ታዲያ የምተረትረው።»