በልብዎ ያንብቡ

አባባ ጮክ ብለው ማንበብ ሲጀምሩ የንባብ አዳራሹ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ! ጠዋት እኔ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ዘበኛው «አባት፣ በልብዎ ያንብቡ እንጂ» ብሎ ክንዳቸውን ይዞ ሲያስወጣን፣ እህቴ አፏን በመሐረብ ይዛ ስትስቅ አይቻታለሁ። አሁን ተራው የእሷ መሥሪያ ቤት ነው።

እኔ ባንዱ አሮጌ ዩኒቨርሲቲ፣ እሷ በተቀናቃኙ፣ ሁለታችንም በቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ አዋሽና መላሽ ነን። አባባ ወደ እህቴ ጠባብ ቤት ሊገቡ ስለሆነ ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት ካንዳችን ቤተ መጻሕፍት ሊያኖሩ ነው። ታዲያ በዓይኔ ካላየሁ ብለው፣ አንዱን መጽሐፍ ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ሲያዞሩን ዋሉ።

«የኛን ጉልላት አይተዋል አይደል?» አልኳቸው በሹክሹክታ። «ብራናዎቹን ብርድም ሙቀትም አይነካቸውም።»

«ሰውም አይነካቸው!» አለች እህቴ። «ለማየት ደብዳቤ፣ ለመንካት ጸሎት። እኛ ጋ ተማሪው ከመደርደሪያው ራሱ ያወርዳል።»

«ለዚህ ነዋ ሽፋናቸው የተገነጠለው።»

የአዳራሹ ኃላፊ መጣች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ለአባባ እጅ ነሳች። በትሕትና ነው፣ ግን ያው ዝም ይበሉ ማለቷ ነው። አባባ መጽሐፉን ከደኑ።

«ድምፄን ካልሰማሁት አይገባኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ከልጅነቴ እንዲህ ነው የለመድኩት። መጻሕፍቴን ሰጥቼ፣ ሁለተኛ ላላነባቸው ነው?»

ሳቄ እዚያው ቀረ። ጉልላቱንና ብራናውን ስቆጥር፣ ይህን አንድ ነገር አንዳችንም አላሰብነውም ነበር።

«ቆይ! ቆይ እስቲ!» እህቴ ድንገት የአባባን እጅ ይዛ በኮሪደሩ እየጎተተች ወሰደቻቸው። ጫፍ ላይ ያለውን ወፍራም በር ከፈተች። ግድግዳው ከድንጋይ፣ ክፍሉ ትንሽ። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል።

«አንባቢያችን ነሽ?» አለች አንዷ ወደ በሩ ዞራ። «ስንጠብቅሽ እኮ ሰለቸን!»

«አንባቢያችሁ ዛሬ አሟት ቀርታለች» አለች እህቴ። «በምትኳ አባቴን አመጣሁላችሁ።»

አባባ ግራ ገብቷቸው መጽሐፉን አገላበጡት። «ይቺ የቆየች ታሪክ ናት... ትሆናችኋለች?»

«ብቻ ያንብቡልን!»

እህቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። «እናንተ ጋ እንዲህ ያለ ክፍል አለ?»

አሰብኩ፣ አሰብኩ። ጉልላት አለን፣ ብራና አለን፣ ግንቡ ላይ ትልቅ ሰዓት አለን።

«የለንም» አልኳት፤ ሳላስበው ፈገግ አልኩ።

አባባ መነጽራቸውን አስተካክለው ማንበብ ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ ዝም ሲባሉ ውለው ፈርተዋል መሰለኝ፣ ድምፃቸው ከጉሮሯቸው አልወጣ አለ። ከጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጠው ተማሪ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ።

«አባት፣ ይቅርታ» አለ። «ትንሽ ጮክ ይበሉ።»