ብሌኗ ውስጥ ያለው ሰው

ሐኪሙ በማሽን የምትተነፍሰውን ልጅ የዓይን ቆብ ገልጦ ባትሪውን አበራበት። ብሌኗ ለብርሃኑ ካልጠበበ ማሽኑ እንደሚነቀል አባቷ ያውቃሉ፤ ሐኪሙን ራሱን የሰው አካል ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ብሌኗ አልጠበበም።

«ቆይ፣ አታጥፋው» አሉ መምህሩ የአልጋውን ብረት ለቀው እያጎነበሱ። «ውስጡ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።» ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ። «ይኸው፣ አሁንም።»

ሐኪሙ ባትሪውን እንደበራ ያዘው። ተማሪ ሳለ እንኳ እሳቸውን ለመጠየቅ ምላሱ ይተሳሰር ነበር። «ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ «ብሌንን በላቲን ምን ይሉታል ነበር ያሉን?»

«ፑፒላ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከልጃቸው ሳይነቅሉ። «ትንሽ አሻንጉሊት ማለት ነው። ግሪኮቹ ልጃገረድ ይሉታል፤ ዐረቦቹ የዓይን ሰው። ቋንቋቸው ለየቅል ይሁን እንጂ ያዩት አንድ ነገር ነው። ቀረብ ብሎ ያየ ሰው እዚያ ውስጥ የሚያገኘው...»

አልጨረሱትም። ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ላይ አነሱ። በልጃቸው ብሌን ውስጥ የነበረው ጥፍር የማያህል ሽማግሌም እጁን አነሳ።