የሁለት ሰው ድንጋይ

«ከግብር የተመለሰልዎት ገንዘብ የት ደረሰ?» አለች የከሰሩ ሰዎችን ንብረት የምታጣራው የፍርድ ቤቱ ባለአደራ። ሽማግሌው ቨርሊን መክሰሩን ሲያሳውቅ ተመላሹ በእጁ ቢገኝ ኖሮ ለአበዳሪዎቹ ይከፋፈል ነበር። ከደመወዙ ኋላ የሚመለስ ትርፍ ግብር እንዲቆረጥ ያደረገችው ሟች ሚስቱ ሎሪን ነበረች፤ «እጅህ ወንፊት ነው፤ መንግሥት ያስቀምጥልህ» እያለች።

«ሎሪን በረዶው እስኪቀልጥ መቃብሯ ያለ ምልክት ተኝታ ከረመች» አለ ቆቡን እየዳበሰ። «የመክሰሬን ማመልከቻ ከማስገባቴ በፊት፣ በገንዘቡ የመቃብር ድንጋይ ገዛሁላት።»

«ውድ ድንጋይ ነው?»

ድንጋዩን ሊወስዱባት መሰለው። ከቆቡ ውስጥ ፎቶግራፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ገዢ ካገኘሽለት እሰየው፣ ልጄ። በግራ የሷ ስም አለ፣ በቀኝ የኔ። የቀረው የምሞትበት ዓመት ብቻ ነው።»

ባለአደራዋ አየችው፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። «ይህንንስ ማንም አይነካብዎትም» ብላ ፎቶውን መለሰችለት። «ግን በቁምዎ ስምዎን ለማስቀረጽ ምን አስቸኮለዎት?»

ቨርሊን ፎቶው ላይ ያለውን የሎሪንን ስም በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ለሁለት ሰው ሲሆን ቅናሽ ነበረው» አለ። «እሷ ቁጠባዬን ሳታይልኝ ቀረች እንጂ።»