እንዳለ የተቀዳ ድምፅ

ያኔ መቅረጫ ሁሉ የሰውን ንግግር በራሱ እያረመ ነበር የሚያስቀምጠው። የአስካለ መንተባተብ በአንድም ቅጂ ላይ አልነበረም። ማንቁርቷ በቀዶ ሕክምና ሊወጣና ድምፅዋን ልታጣ ሲሆን፣ ባሏ ምትኩ ንግግር የማያርመውን የአባቱን የዲቪዲ መቅረጫና አሮጌ ካሜራ ይዞ ኮምቦልቻ ወዳሉት የአሮጌ ማሽን ጠጋኝ፣ እትዬ ብዙነሽ ዘንድ ይዟት ሄደ።

«ያጫውታል፤ መቅዳት ግን እምቢ አለ» አላቸው።

እትዬ ብዙነሽ መቅረጫውን ከፍተው የውስጡን ሌንስ በጥጥ ጠረጉት። አሁንም አልቀዳም።

«ዲስኩ ላይ የሚጽፈው ጨረር ደክሟል። ከሌላ አሮጌ ማሽን ፈትቼ ልሞክርልህ፤ ካልሆነ ግን ሌላ መላ የለኝም፣ ልጄ።»

ገጥመው ሲጨርሱ አስካለ ካሜራው ፊት ተቀመጠች።

«ም... ምትኩ፣ ያ... ያገባሁህ እስክጨርስ ስለምትጠብቀኝ ነው።»

ዲስኩን ሲያጫውቱት መንተባተቧ ሳይጎድል ተሰማ። አስካለ አፏን ይዛ ሳቀች። «ለ... ለካ እንዲህ ነው የማወራው!»

ምትኩ ዕንባው እየወረደ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ! እሷን ራሷን ነው የሰጡኝ» አለ።

ከሐኪም ቤት በወጣች ዕለት አስካለ ድምፅ አልነበራትም። በቀጥታ እትዬ ብዙነሽ ሱቅ ገባችና አንገታቸውን አቅፋ ረጅም ጊዜ ቆየች።