መመለሻ የሌለው ሒሳብ

መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው በዕድሜ ዘመኑ የሚጓዘውን ኪሎ ሜትር መድቦ መስጠት ከጀመረ ቆይቷል። የወልድያው አቶ ውባለም የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበሩ ድርሻቸውን የሰው ዕቃ ሲያመላልሱ ጨርሰውታል ማለት ይቻላል። ጂንካ ያለችው ልጃቸው በወለደች ሰሞን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አንጓች ጋር የጉዞውን ሒሳብ ለመሥራት ተቀመጡ።

«የእኔ ከአዲስ አበባ አያልፍም። አንቺ ደርሰሽ ተመለሺ» አሉ አቶ ውባለም።

«የልጅ ልጅህን ሳታይ? የእኔን እንካፈለው።»

«እንግዲያ መመለሻ አይኖረንም። ወልድያን ዳግም አናያትም።»

ወይዘሮ አንጓች ተነሥተው ዶሮዎቻቸውን ይዘው ጎረቤት ሄዱ።

«እስክትመለሱ እጠብቅላችኋለሁ» አለች ጎረቤታቸው ዶሮዎቹን ተቀብላ።

«አይ፣ ላንቺ ይሁኑ» አሏት።

ያን ጊዜ ገባት። ዶሮዎቹን መሬት ላይ አስቀምጣ ወይዘሮ አንጓችን አቀፈቻቸው።