ጉድጓዱን የሚያጸዱት

የቄራው ዘበኛ የበሬ ሳንባ ቆራርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ በቢላ ይሰነጥቃል፣ ነጭ መርዝ ይሞላበታል፣ መልሶ ያጣብቀዋል። አፍና አፍንጫውን በሻርፕ ጠቅልሏል። ዕድሜውን ቄራ ውስጥ ለፈጀ ሰው ቢላ አያያዙ ያሳፍራል።

አንጀት አጣቢዋ ታላቅ እህቱ ቦት ጫማዋን እንዳጠለቀች በጓሮው በር ብቅ ትላለች።

«ለማን ነው የምትደግሰው?»

«ለውሾቹ።»

«አምናም እንዲሁ ነበር ያልከው።»

ሌላ ቁራጭ ያነሳል። ትናንት ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባቷን ነክሰዋታል። ክሊኒክ ውስጥ መርፌ ስትወጋ የአባቷን እጅ ጨብጣ እንባዋን ዋጠችው፤ ብታለቅስ ይሻለው ነበር። ነገም የምታልፈው በዚሁ በቄራው ጀርባ ነው። ሌላ መንገድ የለም።

«እትዬ፣ ልጄን እኮ ነው የበሏት።»

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ? አክስቷ አይደለሁም እንዴ?» እርጥብ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች። «ግን እዚህ ውሻ መቼ በዛ? ጥንብ አንሳዎቹ እያሉ ጠዋት የጣልነው ከሰዓት አጥንቱ ብቻ ነበር የሚቀረው። ውሻ መጥቶ ምኑን ይልሳል? አምና አንተ መርዝ ጣልክ። ጥቂት ውሻ ሞተ፣ የሞተውን ውሻ ጥንብ አንሳዎቹ በሉት፣ በቃ አለቁ።»

«ሄዱ እንጂ መቼ ሞቱ።»

«የት ሄዱ? ጡረታ ወጡ?»

ዘበኛው ሊስቅ ይቃጣውና ይተወዋል። ኖራ ነስንሶ የቀበራቸው ራሱ ነው። ክንፋቸው አልታጠፍ እያለ አስቸግሮት በእግሩ እየረገጠ ነው ያስገባቸው። ከዚያ ወዲህ የቄራው ተረፈ ሥጋ መጣያ ጉድጓድ ሞልቶ ይፈሳል፤ ሽታውን ተከትሎ ከየሰፈሩ የመጣው ውሻም እዚያው ወልዶ እዚያው ተዋለደ።

ቁራጮቹን በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ይበትናል። ውሾቹ በፈረሰው ግንብ በኩል ተጋድመው ያዩታል። አንዱም አይነሳም። የጠገበ ውሻ ነው፣ ምን አስቸኮለው።

ጥላ መሬቱን አቋርጦ ያልፋል።

ቀድማ ቀና የምትለው እህቱ ናት። «አንተ» ትላለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ቀርቷል ለካ።»

ጥንብ አንሳው ይዞራል፣ ይወርዳል፣ እግሩን ዘርግቶ አፋፉ ላይ ያርፋል።

ዘበኛው ሳያስበው ይሮጣል። «ሂድ! ሂድ ከዚህ!» ድንጋይ ይወረውራል። ወፉ ነጠር ነጠር ብሎ ይቆማል። ዓመት ከዓመት ሆድ ዕቃ ሲጥልለት የኖረውን ሰው ያውቀዋል፤ ገለል ብሎ እስኪጨርስለት ይጠብቀዋል።

«ልቀም እንጂ» ትላለች እህቱ አጎንብሳ። ቁራጮቹን ከጭቃው እየለቀሙ ባልዲ ውስጥ ይጥላሉ።

«ነገስ?» ይላል እያለከለከ። «ነገ ልጄ በየት ታልፋለች?»

«እኔ አሻግራታለሁ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ልቀም።»

መሬቱ ሲጸዳ ዘበኛው ባልዲውን ያያል። ትልቁ ቁራጭ የለም። ወደ ውሾቹ ዞሮ ያያል፤ እንደተጋደሙ ናቸው።

ጥንብ አንሳው ግንቡ ላይ ወጥቷል። ነጭ ነገር የነካውን ምንቃሩን ከድንጋዩ ጋር በአንዱ ጎን ያሻሻል፣ ቀጥሎ ደግሞ በሌላው።